ማደስ ሌላ፣ ማቆየት ሌላ

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን በብራናና በሰነድ ጥገና ሙያ አሳልፌ ዛሬ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ መንገድ በኩል ባለ ሰፈር እኖራለሁ። የአያቶቻቸውን መጽሐፍ፣ ፎቶግራፍ ወይም የርስት ወረቀት ይዘው «ያድሱልን» የሚሉኝ ወጣቶች ስለ በዙ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የአባቶችን ነገር ለማቆየት መነሣታችሁ እጅግ ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ማደስ ያረጀውን አዲስ ማስመሰል ሲሆን፣ ማቆየት እርጅናውን ሳይነኩ ጉዳት የሚያባብስበትን ነገር ማራቅ ነው። መጠገን የግድ ሲሆንም፣ ጥሩ ጥገና የሚባለው ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ዋናውን ሳይጎዳ ሊፈታው የሚችለው ነው።

የተቀደደ ሰነድን በስኮች መለጠፍን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፕላስቲኩ ተላቆ ቢወድቅ እንኳ እድፉ አይለቅም። ላሚኔት ማስደረግ ደግሞ የባሰ ነው፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅምና። ባለሙያ በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ ወረቀት የሚጠግነው፣ ያ ሙጫ በጥንቃቄ ሲረጥብ መልሶ ስለሚለቅ ነው።

ብራና ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በመሆኑ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣም ይኮማተራል። ከጥላሸት የተዘጋጀው ጥቁር ቀለም በቆዳው ላይ የተቀመጠ እንጂ ጠልቆ የገባ ስላልሆነ፣ አቧራውን ላጽዳ ብሎ በእርጥብ ጨርቅ የወለወለ ሰው ፊደሉንም አብሮ ይጠርገዋል። በገጹ ላይ በክር የተሰፋ ቀዳዳ ብታገኙ አትፍቱት፤ ብራናው ሲፋቅ የተቀደደውን ብራና ፋቂው ራሱ ሰፍቶት፣ ጸሐፊውም ስፌቱን እየዘለለ ጽፎ ሊሆን ይችላልና፣ ያ ስፌት የመጽሐፉ ታሪክ ነው። ዕድሜ ያለው ብራና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ከሚጠበቁት ቅርሶች ሊሆን ስለሚችል፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ሳታሳዩ ማንም እጁን እንዲያሳርፍበት አትፍቀዱ።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ጠላት የክረምቱ እርጥበት ነው። ገና ባልተለሰነ የብሎኬት ቤት፣ ከአልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ወረቀት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብትም ሻጋታ ይይዛል። አባቶቻችን መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር አድርገው ከግድግዳ ላይ መስቀላቸው ከወለሉ እርጥበትም ከአይጥም ያርቀው ነበር። እናንተም ሰነዱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ባለ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ የሚዝጉ ስፒሎችንም ንቀሉ።

ፎቶግራፍ ሲሆን አንድ ሥራ ይጨመርበታል። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አያት በሕይወት ሳሉ ጠይቁና ስማቸውን ከጀርባው፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ሊያልፍ ወይም በላዩ በተደረበው ፎቶግራፍ ላይ ሊታተም ይችላል።