የሚይዝ ሙጫ ሞልቷል፤ የሚለቅ ሥሩልን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ለመመረቂያዬ በጣም ጠንካራ ሙጫ ልሠራ ነው» አለኝ። «አቦ፣ ጠንካራ ሙጫማ ሞልቷል!» አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ። ያን ቀን ያላስረዳሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ ስጠግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በሬዲዮና በቴፕ ጀመርኩ፣ ቴሌቪዥን ተከተለ፣ አሁን ስልክ ነው። ድሮ ዕቃ የሚከፈተው በካቻቢቴ ነበር። ብሎኑን ፈትተህ፣ ሠርተህ፣ መልሰህ ታስራለህ። የዛሬ ስልክ በሩ ራሱ ሙጫ ነው።

አንድ ቀን አሸዋ ገበያ ልብስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ባትሪ ልታስቀይር መጣች። ስክሪኑ ምንም አልሆነም ነበር። ጠርዙን አሞቅኩት፣ ቀጭን ፕላስቲክ ከሥሩ አስገባሁ፣ ትንሽ ተነሳልኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ቸኮልኩ። ሳብ አደረግኩት። ቀጭ አለ። ስልኩን ሳበራው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ተሰምሮበታል። የስክሪኑን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን ያን ሙጫ የሠራው ሰው አንድ ቀን እኔ እንደምመጣ አላሰበም።

ለምን ቀጭ አለ? እንዲህ ያለው ሙጫ ግማሹ ፈሳሽ፣ ግማሹ ጠጣር ነው። በዝግታ ከሳባችሁት እንደ ማር ይለጠጣል። በድንገት ከሳባችሁት አልላቀቅ ይላል፣ ጉልበቱ ሁሉ መስታወቱ ላይ ያርፋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ከላይ መስታወቱንና ከሥሩ ያለውን ስክሪን የሚያጣብቀው ደግሞ ሌላ ሙጫ ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ። መካከል ላይ አየር ቢኖር ብርሃን መስታወትና አየር በተገናኙበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቅ ነበር። ሙጫው ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ለመስታወት የቀረበ፣ 1.5 ገደማ ስለሆነ ነጸብራቁ ይጠፋል። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሆናችሁ መልእክት የምታነቡት በዚህ ሙጫ ነው። መስታወቱ ብቻ ሲሰበር ሠራተኛው በሚሞቅ ሳህን ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ መከራው ይጀምራል። የተረፈውን ሙጫ በአውራ ጣት እየጠቀለሉ ማንሳት። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ጣት ያብጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። አዲስ ሳህን ላይ የተለጠፈ የዋጋ ወረቀት ስታነሱ የሚቀረውን የሚያጣብቅ ነገር አስታውሱ። ያ ሙጫ ከሳህኑ አልተላቀቀም፤ ራሱ ለሁለት ተቀደደ። እርስ በርሱ የተያያዘበት ጉልበት ሳህኑን ከያዘበት አንሷል ማለት ነው። ንጹሕ ሆኖ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ተቃራኒው ይሁን። የሙጫውን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ አቆላልፏቸው። ካበዛችሁት ግን ይደርቃል፣ መስታወቱን በደንብ አይነካውም፣ ስለዚህ አይይዝም። ሥራችሁ በነዚህ ሁለቱ መካከል ነው፤ ሰፊ ቦታ አይደለም።

ሱፐር ግሉ? እሱን እርሱት። ግትር ነው፣ ጭሱም ዙሪያውን ያነጣዋል።

ደካማ ሙጫን አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ የ3ኤም ኩባንያ ኬሚስት ጠንካራ ሙጫ ሲፈልግ በጥቃቅን ኳሶች የተሞላ ደካማ ሙጫ አገኘ። ምን እንደሚሠራበት አልታወቀም። በኋላ አርት ፍራይ የሚባል የሥራ ባልደረባው ከመዝሙር መጽሐፉ የሚወድቅ ምልክት አስቸግሮት ለዚያ አሰበው። ቢጫዋ የማስታወሻ ወረቀት በመላ አሜሪካ የተሸጠችው በ1980 ነው።

ግን ስክሪን እንደ ወረቀት አይደለም፤ ዓመታት አጥብቆ ይዞ፣ «ልቀቅ» ሲባል ብቻ መልቀቅ አለበት። «ልቀቅ» የሚለው ምልክት ምን ይሁን? ብዙዎቻችሁ ሙቀት ትላላችሁ። እስቲ የባጃጅ ሾፌሮቻችንን ጠይቁ። ሾፌሩ ስልኩን ፊት ለፊቱ ፀሐይ ላይ ይሰቅለዋል፣ ሙጫው ቀስ እያለ ይፈሳል፣ የስክሪኑ ጥግ ይነሳል። በሙቀት የሚለቅ ሙጫ ለድሬ በየቀኑ የሚለቅ ሙጫ ነው። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት የሚለቅ ቴፕም አለ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሲቆረጥ ይጠቀሙበታል። እሱንም ፀሐያችን ትሰጠዋለች፣ ያውም በነጻ።

ስለዚህ ምልክቱ ተራ ኑሮ የማይሰጠው ነገር ይሁን። አንዱ መለጠጥ ነው። ባትሪ ሥር ያሉ ነጫጭ ቴፖችን አይታችኋል? ከገጹ ጋር ትይዩ ስትስቧቸው እየቀጠኑ ይላቀቃሉ፤ ወደ ላይ ከሳባችኋቸው ይበጠሳሉ። ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። በ2024 የወጣው አይፎን 16 ባትሪው በ9 ቮልት የሚለቅ ሙጫ አለው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያ ቀን ሳየው፣ ወላሂ፣ ከልቤ ሳቅኩ። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ ማውጣት እንዲችል የሚያስገድድ ደንብ አላት። ፋብሪካዎቹ ወደዚያ እየተገፉ ነው፣ እናንተም ቀድማችሁ ብትደርሱ አይከፋም።

ብልሃቱን ማየት የፈለገ ማታ መብራት ሥር ግድግዳውን ይመልከት። ትንኝ የምታድነው እንሽላሊት በእግሯ ሥር ያለው ሙጫ አይደለም፤ እልፍ አእላፍ ረቂቅ ፀጉር ነው። ስትቆም ክብደቷን በደንብ ይሸከማል። ስትራመድ ጣቷን ከጫፉ ወደ ኋላ ትቀለብሳለች፣ ፀጉሩ ማዕዘኑን ሲቀይር ይለቃል። ትናንት ከእራት በኋላ የአንዷን እርምጃ ስቆጥር ባለቤቴ «ሥራ ፈታህ» አለችኝ።

ያ ተማሪ ይህን ካነበበ ይመለስ። ሁለት የተሰበሩ ስክሪኖች አስቀምጬለታለሁ፤ በመጀመሪያ በጣቱ ይጠርጋቸው። ከሰዓት ግን ከ10 ሰዓት በፊት አይምጣ፤ በዚህ ሙቀት ሱቁ ዝግ ነው።