«አገኘን» ብለው ጀመሩ፣ «በስሜ» ብለው ጨረሱ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለንደን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሙል ደሴት ላይ፣ ስምንት ክፍል ያላት ትንሽ ሆቴል ለሽያጭ ቀርባ አገኘን። ከመስኮቷ ባሕሩ ይታያል። 480 ሺህ ፓውንድ ይላሉ። ገንዘቡ ተሟልቷል። ንብረቱ የሚመዘገበው በስሜ ነው። ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አልነገሩኝም። «ተሟልቷል» ሲሉ የወንድም፣ የእህት፣ የእቁብ ገንዘብ ያለበት መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ዋናው ጉዳይዎ እሱ ነው። መደበቅ አልነበረብዎትም።

የተለመደውን ቶሎ ልጨርስ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። የለንደን ጠበቃዎን ትተው እዚያው ፈቃድ ያለው ሶሊሲተር፣ ማለትም የውልና የንብረት ጠበቃ፣ ይያዙ። «ከመፈረሜ በፊት» ብለዋል፤ እዚያ ውሉ የሚጸናው የገዢና የሻጭ ሶሊሲተሮች በሚለዋወጡት ደብዳቤ ነው። የሚፈርመው ሶሊሲተርዎ ስለሆነ፣ እርስዎ ብዕር ሳያነሱ ሊታሰሩ ይችላሉ። ዋጋው በሙሉ የሕንፃና የመሬት ከሆነ የግዢ ግብሩ አሁን ባለው ተመን 12,500 ፓውንድ ይመጣል። የቫቱን ነገር የሂሳብ ባለሙያ ይጠይቁ። የመጠጥ ፈቃዱ በስምዎ እንዲዛወር ማመልከት ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ ከነውላቸው ወደ እርስዎ ያልፋሉ። ሴፕቲክ ታንኩ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያው) እና የመኪና ማቆሚያው የማን መሬት ላይ እንደሆኑ ያጣሩ። ሙል «ክሮፍት» የሚባለው የአነስተኛ ገበሬዎች ይዞታ ሕግ የሚሠራበት አካባቢ ነውና። ሆቴል መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ እንደማያስገኝም ይወቁ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። ሶሊሲተሩ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። «እህቴ 60 ሺህ ላከችልኝ» ሲሉት፣ «ብድር ነው፣ ስጦታ ነው ወይስ ድርሻ?» ይልዎታል። ሰዎቻችን የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ «ስጦታ ነው በዪ» ይባላል። እህት ትፈርማለች። ወረቀቱ ደግሞ «በንብረቱ ላይ ምንም መብት አልጠይቅም» ይላል። እሷ ልቧ ውስጥ የሆቴሉ ባለድርሻ ናት። ፊርማዋ ሌላ ይናገራል።

እንግሊዝ ውስጥ ቢሆን፣ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ለግዢው ያዋጣውን ቆጥሮ ከቤቱ ላይ ድርሻ ሊጠይቅ የሚችልበት መንገድ አለ። ስኮትላንድ ግን በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም አጥብቃ ትይዛለች። ያልተመዘገበ አዋጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርለት ያላግባብ መበልጸግ የሚባለው ክስ ነው። የሚጠይቀውም ገንዘቡን እንጂ ሆቴሉን አይደለም። ይህም በ5 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። አንድ ደንበኛዬ በእጁ የነበረው ማስረጃ የስልክ መልእክት ብቻ ነበር፦ «ልኬልሃለሁ፣ በርታ»። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ድርሻ የሚል ቃል የለበትም።

ለእርስዎም አይበጅም። ዛሬ «ስጦታ» አስብለው ነገ ትርፍ ሲያካፍሉ፣ ለሶሊሲተሩ የሰጡት ቃል ሐሰት ይሆናል። እርስዎ ቢሞቱ ሆቴሉ ለወራሾችዎ ያልፋል። ያዋጡት ሰዎች ከልጆችዎ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ይህን እንደማይፈልጉ አውቃለሁ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ድርሻ ከሆነ ስማቸው ይመዝገብ፤ ወይም ኩባንያ አቋቁማችሁ አክሲዮኑን በውል ተካፈሉ። ብድር ከሆነ የብድር ውል ይጻፍ፣ ዋስትናም ይኑረው። እነሱም የራሳቸውን ጠበቃ ያማክሩ፤ የእርስዎ ሶሊሲተር ለሁለታችሁም ሊቆም አይችልም። ከእቁቡ ዳኛ መቼና ስንት እንደደረስዎ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይውሰዱ። የሁሉንም የባንክ መግለጫ ይሰብስቡ። ከዚያ ያዋጣ ሁሉ ባለበት አንድ ወረቀት ላይ ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ «ብድር» ወይም «ድርሻ» ወይም «ስጦታ» ብላችሁ ጻፉ። ባለቤትዎም ትኑር። ያንን ወረቀት ሶሊሲተሩ ሳያየው ለሻጩ አንድም ደብዳቤ እንዳይልክ ይንገሩት።