ትከሻችሁን ልቀቁት

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ያረጀሁ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ፆታ ለምታፈቅሩት፣ እርስ በርሳችሁ «ዜጋ» እየተባባላችሁ ለሌላው ሰው ግን አፋችሁን ለቆለፋችሁት ነው። ሌላውም ቢያነበው አይጎዳውም።

አንድ ነገር ላጥራ። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ «ከዚህ ነገር እናድናችኋለን» የሚል ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አንሥታችሁ ውጡ። የሚያሳምመው መደበቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ድምፅን ማጎርነን፣ አረማመድን መጠበቅ፣ «ማን አየኝ?» ማለት። መንጋጋ ይነከሳል፣ አንገት ይደርቃል፣ ትንፋሽ ደረት ላይ ይቀራል።

ወሎ ውስጥ ትከሻ የማይሰብቅ ማን አለ? ግን ሰርግ ቤት ጥጉን ይዞ የተቀመጠውን ልጅ እዩት። ከበሮው ሲሞቅ ጉልበቱ ይነቃል። ክርኑን ግን ጎኑ ላይ አጣብቆ የለስላሳውን ጠርሙስ ጨምድዶ ይዟል። አንድ ቀን «እንደ ሴት ነው የምትጨፍረው» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ ትከሻው ሥራ ፈቷል።

በጭፈራና በእንቅስቃሴ ማከም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማሪያን ቼስ የምትባል አሜሪካዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ሴንት ኤልሳቤጥስ በሚባል የአእምሮ ሆስፒታል መሥራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1966 የሙያው ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። መናገር ካቃታቸው ሕሙማን ጋር ክብ ሠርታ ትቆማለች። አንዱ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ እሷም ታንቀሳቅሳለች። «አይቼሃለሁ» ማለቷ ነው፣ ያለ ቃል። ለእናንተ የሚመቸውም ይሄው ነው፤ ምስጢር ሳይዘረገፍ መታየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም ድብርትንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በዚህ የሠለጠነ ሰው ደሴ ላይ አላጋጠመኝም። ቤት ውስጥ የምታደርጉት ግን አለ። በር ዝጉ፣ ጫማ አውልቁ። ባቲ ወይም አምባሰል ክፈቱ፤ የአገራችሁን ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው። (ትዝታን ለጊዜው ተዉት፣ ሆድ ያስብሳል።) በአንድ ትከሻ ጀምሩ፣ በዝግታ። መስታወት ፊት አትቁሙ፤ ዳኛው እዚያ ነው ያለው። እንባ ቢመጣ ይምጣ። መጥፎ ነገር ትዝ ብሏችሁ ልባችሁ ከመታ ግን አቁሙ። ተቀመጡ፣ እግራችሁ ወለሉን ይንካ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታዩትን ዕቃ አንድ በአንድ በስሙ ጥሩ።

የምታምኑት ጓደኛ ካለ አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ስልክ ግን ከክፍሉ ይውጣ። ቲክቶክ ላይ የወጣ ነገር አይመለስም፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚያስቀጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629ም እንዳለ አለ። «ወጥታችሁ ተናገሩ» የሚለውን የሩቅ አገር ምክር እኔ አልመክራችሁም።

ጠበሉም ዱዓውም የሚያጽናናው ይሂድ። ሰንሰለትና ዱላ ካለበት ግን ሕክምና አይደለም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ጭፈራ አይበቃም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። «እንቅልፍ አጣሁ፣ መኖር አስጠላኝ» ማለት ይበቃል፤ የማንን ፍቅር እንደያዛችሁ ማስረዳት ግዴታችሁ አይደለም። መድኃኒት ከታዘዘላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። እስክስታ ከክኒን ጋር አይጣላም።