መልስ፦ ሙስሊም ባልሆነ አገር መኖር ሐራም ነውን?

ወዐለይኪ ሰላም እህቴ። ስዊድን መኖርሽ ኃጢአት እንደሆነና ልጆችሽን ይዘሽ መውጣት ግዴታሽ እንደሆነ አጎትሽ ነግረውሽ እንደተጨነቅሽ ጽፈሻል። እንዲህ በጥቅሉ መፍረድ ትክክል አይደለም።

የጠቀሱልሽ የሱረቱ አን-ኒሳእ 97ኛ አንቀጽ የሚወቅሰው መሰደድ እየቻሉ ተጨቁነው የቀሩትን ነው። 98ኛው ደግሞ አቅም ያጡትን ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነጥሎ ያወጣል። አንዱን አንብቦ ቀጣዩን መዝለል ሰውን ያለ አግባብ ያስጨንቃል።

የሐንበሊ መዝሀብ (የእስልምና የሕግ መንገድ) ሊቅ ኢብን ቁዳማ ጉዳዩን በሦስት ከፍሎታል። ሃይማኖቱን በግልጽ መፈጸም ያልቻለና መውጣት የሚችል ሰው መሰደድ ዋጂብ (ግዴታ) ይሆንበታል፤ በሕመም ወይም በመገደድ መውጣት ያልቻለ ግዴታ የለበትም፤ ሃይማኖቱን መፈጸም የቻለ ግን መሰደዱ ይወደድለታል እንጂ አይገደድም። የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ አል-ማወርዲ እንዲያውም እንዲህ ያለው ሰው እዚያው ቢቆይ ይሻላል ብሏል፤ ሌሎች በእርሱ ሰበብ ሊሰልሙ ይችላሉና። ከማሊኪ መዝሀብ ተከታዮች መካከል እንደ አል-ወንሸሪሲ ያሉ ጠንከር ያለ አቋም የያዙ ሊቃውንት አሉ፤ እርሱ የጻፈው ግን በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ስለወደቁት የአንዳሉስ (በዛሬዋ ስፔን አካባቢ የነበሩ) ሙስሊሞች ነው።

የእኛንም አገር አትርሺ። ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 መዲና ከገቡ በኋላ እንኳ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ እስከ 628 በነጃሺ አገር ቆይቷል። መኖሩ በራሱ ወንጀል ቢሆን ኖሮ እንዴት ይህን ያህል ይቆያል?

ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው ሌላ ነገር ነው፦ ሶላትሽን፣ ጾምሽንና ሒጃብሽን መጠበቅ ትችያለሽ? ልጆችሽስ ዲናቸውን የሚማሩበት መድረሳ አላቸው? ይህን ይዘሽ እዚያው ያሉትን፣ የአገሩን ሁኔታ የሚያውቁ ዓሊም አማክሪ።