አባትህ አልተሳሳቱም፤ በ53 ከእስራኤል ጋር ተጫውተናል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም፣ በራሴ ነው። «አባቴ በ53 ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫውታለች ይላሉ። የ1954ቱን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ስማችን የለም። ዕድሜ ተጭኗቸው ተምታቶባቸው ይሆን?» ነው ያልከው። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ ከአጎቴ ጋር ተወራርጄ ተበልቻለሁ።

ውርርዱ የተነሣው ፒያሳ፣ ማኪያቶ እየጠጣን ነው። አጎቴ ሲያወሩ ዓመት በቁጥር የመጥራት ልማድ የላቸውም፤ ሁሉ ነገር ከአንድ ትልቅ ነገር በፊት ወይም በኋላ ነው። «ግርግሩ ታኅሣሥ፣ ጨዋታው መጋቢት» አሉና ዝም አሉ። እኔ ደግሞ 53 የምትለዋን ቁጥር ይዤ እንደ አንተው ሮጥኩ። በፈረንጆች 1953 የሚገኘው የስዊዘርላንዱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ከአፍሪካ ያለችው ግብፅ ብቻ ናት፤ እሷም በጣሊያን ካይሮ ላይ 2 ለ 1፣ ሚላኖ ላይ 5 ለ 1 ተሸንፋ ቀርታለች። ኢትዮጵያ የለችም። «በሉ ማኪያቶዬን» አልኳቸው።

የታኅሣሡ ግርግር መቼ እንደነበር ግን አላሰብኩም። መንግሥቱ ነዋይና ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ታኅሣሥ 1953 በእኛ ነው፤ በፈረንጅ ታኅሣሥ 1960 መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ መጋቢት በፈረንጅ 1961 ላይ ይውላል። የባሰው ደግሞ ቺሊ ያዘጋጀችው የ1962ቱ ዓለም ዋንጫ የተጀመረው በእኛ ግንቦት 1954 ነው። «የ54ቱ ዓለም ዋንጫ» ሲባል አንተ ስዊዘርላንድን ታስባለህ፣ አባትህ ቺሊን። ሁለታችሁም ቁጥሩን ልክ ነው የጠራችሁት፣ በመካከላችሁ ያለው ግን የስምንት ዓመት ገደል ነው።

እንግዲህ ጨዋታው ይኸውልህ። የመጀመሪያው መጋቢት 5 ቀን 1953 ዓ.ም. (ማርች 14, 1961) ተደርጎ እስራኤል 1 ለ 0 አሸነፈች። በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ እሑድ፣ መልሱ ተደርጎ 3 ለ 2 ተሸነፍን። በድምር 4 ለ 2። ሁለቱም የተደረጉት እዚያው እስራኤል ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አንድም ኳስ አልተመታም። ሰንጠረዥ ላይ «ደርሶ መልስ» የሚል ካየህና አንዱ እኛ ሜዳ የተደረገ ከመሰለህ እንዳትታለል። እኔ በዚህም ተታልዬ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ይኸ ነው። ቡድኑ አንድ ጊዜ ሄዶ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ሁለቱንም በሰው ሜዳ ተጫውቶ፣ በሁለቱም በአንድ አንድ ግብ ልዩነት ብቻ ነው የተሸነፈው። አንዱ ጨዋታ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በእኛ ሕዝብ ፊት ቢሆን ኖሮስ? በአሥረኛው ወር፣ ጥር 13 ቀን 1954፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን (ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሰዎች ነን። ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን ነው ያንን ዋንጫ የወሰድነው። እዚያ ሜዳ ላይ እኛን ማሸነፍ ቀላል አልነበረም።

የእሑዱን ጨዋታ ብናሸንፍ እንኳ ወዲያው ላናልፍ እንችል ነበር። ያኔ ከሜዳ ውጭ የተገባ ግብ እጥፍ የሚቆጠርበት ሕግ የለም። አንዳንዴም የግብ ልዩነት ራሱ ዋጋ አልነበረውም። በስዊዘርላንዱ ማጣሪያ ስፔን ቱርክን ማድሪድ ላይ 4 ለ 1 አሸነፈች፤ ኢስታንቡል ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ዛሬ ቢሆን ስፔን እየዘፈነች ታልፋለች። ያኔ ግን አንድ አንድ አሸንፋችኋል ተብለው ሮም ላይ ሦስተኛ ጨዋታ ገጠሙ፤ 2 ለ 2 ወጡ። ከዚያ የአንድ የ14 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅ ዓይን በጨርቅ ታስሮ ዕጣ አወጣ፣ ቱርክ አለፈች! በእኛው የቺሊ ማጣሪያም ሞሮኮና ቱኒዚያ 2 ለ 1፣ 2 ለ 1 ተሸናነፉ፣ ፓሌርሞ ላይ 1 ለ 1 ወጡ፣ ሞሮኮ በዕጣ አለፈች። ያንን ሁሉ አልፋ፣ ጋናንም ጥላ፣ መጨረሻ ላይ ስፔንን ግጠሚ ተባለች። 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈች። ውጤቱ ከእኛው ጋር አንድ መሆኑን ልብ በል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄህ፤ ለምን አፍሪካ ምድብ ውስጥ አልተገኘንም? እኛን የምታገኘን አውሮፓ፣ ምድብ 7 ውስጥ ነው። ጣሊያን፣ ሩማኒያ፣ ቆጵሮስ፣ እስራኤልና ኢትዮጵያ። በመጀመሪያ ዙር የደረሰችን ሩማኒያ ነበረች፤ ራሷን አገለለችና ሳንጫወት አለፍን። እስራኤል ደግሞ ቆጵሮስን ኒቆስያ ላይ 1 ለ 1 ወጥታ በሜዳዋ 6 ለ 1 አሸንፋ መጣች። ስለዚህ እነሱ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ ተጫውተው ሲጠብቁን፣ እኛ አንድም ሳንጫወት ነው የሄድነው። ሩማኒያ ስትቀር ዕድል ቀናን ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ በእኔ ግምት ግን ዕድል አልነበረም።

አፍሪካና እስያ በአውሮፓ ምድብ ውስጥ የሚበተኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለእኛ የተለየ ቦታ አልነበረም። የአፍሪካ አሸናፊ መጨረሻ ላይ አውሮፓዊን ማሸነፍ ነበረበት። እስራኤልን በተመለከተ ግን ያለፈውን፣ የ1958ቱን ማጣሪያ ካላየህ ነገሩ አይገባህም። (በዚያኛው እኛም ለመግባት ጠይቀን ነበር፣ ምዝገባችንን ፊፋ አልተቀበለውም።) ያኔ እስራኤል በአፍሪካና እስያ ምድብ ነበረች። ቱርክ እዚህ ምድብ አልገባም ብላ ወጣች። ኢንዶኔዥያ በገለልተኛ ሜዳ ካልሆነ አልጫወትም አለች፣ ቀረች። ግብፅ ቀረች። መጨረሻ ላይ ሶርያን አሸንፋ የመጣችው ሱዳን ከእስራኤል ጋር አልገጥምም አለች። እስራኤል አንዲት ኳስ ሳትመታ ለዓለም ዋንጫ ልታልፍ ሆነ።

ፊፋ ከአዘጋጁና ከባለ ዋንጫው በቀር ማንም ሳይጫወት አያልፍም አለ። በምድባቸው ሁለተኛ ከወጡት መካከል ዕጣ ተጣለና ዌልስ ወጣች፤ ወድቃ የነበረች ቡድን ከመቃብር ተነሣች ማለት ነው። እስራኤልን ራማት ጋን ላይ 2 ለ 0፣ ካርዲፍ ላይም 2 ለ 0 አሸንፋ ስዊድን ገባች፤ ሩብ ፍጻሜም ደረሰች። እዚያ ያስወጣቻት ብራዚል በአንዲት ግብ ናት። አግቢው ፔሌ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ግቡ። የካርዲፉ ጨዋታ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የዌልስ አሠልጣኝ ጂሚ መርፊ በክለብ ሥራው የማንቸስተር ዩናይትድ ምክትል አሠልጣኝ ነበር፤ ለዚያ ጨዋታ ሲል ከክለቡ ጋር ሳይጓዝ ቀረ። በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 6, 1958፣ የክለቡ አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከሰከሰ። አንድ የማጣሪያ ጨዋታ የሰው ነፍስ አተረፈ።

ከዚያ ሁሉ ውዝግብ በኋላ ፊፋ እስራኤልን ለቺሊው ማጣሪያ አውሮፓ ውስጥ መደባት። እኛ ከእሷ ጋር ለመጫወት ችግር አልነበረብንም፤ የንጉሡ መንግሥት ከእስራኤል ጋር በጊዜው ጥሩ ግንኙነት ነበረው። አንድ ምድብ ውስጥ የገባነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ብናልፍስ ኖሮ? ጣሊያን ትጠብቀን ነበር። ካሸነፈችን እስራኤል ጋር በእስራኤል ሜዳ ስትገጥም 2 ለ 0 ተመርታ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ቱሪን ላይ 6 ለ 0 ቀጠቀጠቻት፤ የጣሊያኑ አጥቂ ሲቮሪ ብቻውን አራት አገባ። እኛም ብንሆን አንተርፍም ነበር፣ አልዋሽህም። ግን እስኪ አስበው፤ አድዋም ማይጨውም ያሉት ሕዝብ፣ ነፃነት ከመለሰ ገና ሃያ ዓመቱ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ስታዲየም ስትገባ! የእኛ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው «ስታዲየሙ ይፈርስ ነበር» አሉ።

«ታዲያ በቀጣዩስ ለምን የለንም?» ላልከው፣ በ1966ቱ ኢትዮጵያ ብቻ ሳትሆን አፍሪካ በሙሉ ነው የቀረችው። ፊፋ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ደግሞ ይጫወት ሲል አፍሪካ አድማ መታች። ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ፣ ሌላው የጋናው ኦሄኔ ጃን ነበሩ። አድማው ሠራ፤ ለ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮም ሜክሲኮ ገባች።

አባትህን ይዘህ የ1962ቱን ማጣሪያ፣ አውሮፓ፣ ምድብ 7 ክፈትላቸው። «ዕድሜ ተጭኗቸው» ያልከውንም ይቅርታ ጠይቅ። እኔ አጎቴን የካስኩት በአንድ ሳምንት ማኪያቶ ነው፣ ያውም ከነኬኩ።