መልስ፦ መስታወቱ ለምን ከመስመሩ ወጥቶ ይሰበርብኛል?

ወንድሜ፣ መስታወት ቤት ሥራ ከገባህ ሁለት ወርህ እንደሆነና ባለ 4 ሚሊሜትሩን መስታወት ስትቆርጥ በመቁረጫው ካሰመርከው መስመር እየወጣ እንደሚሰበርብህ ጽፈሃል። አይዞህ፣ እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ደግመህ ታሰምራለህ አይደል? አንዴ ብቻ ነው የሚሰመረው! መቁረጫው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ብረት ላምባ አስነክተህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጥ በአንድ ግፊት ትስባለህ፣ ጆሮህንም ትሰጣለህ፣ ጭርርር የሚል ወጥ ድምፅ ከሰማህ ጨርሰሃል። ነጭ ብናኝ ከተነሳ በጣም ተጭነሃል ማለት ነው።

ካሰመርክ በኋላ ስልክ አታንሳ። መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክለህ ወዲያው ወደ ታች ስበረው። ጠረጴዛውን ደግሞ በየቁርጡ መሃል ጥረገው፣ ከስር አንዲት ስባሪ ከቀረች መስታወቱ በእሷ በኩል ይሄዳል።

ቴምፐርድ የሆነውን፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረውን መስታወት፣ ግን ለመቁረጥ አትሞክረው። እሱ ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ ልትቆርጠው ስትሞክር ሙሉው ይፈረካከሳል፤ መለኪያው የሚወሰደውም የሚቆረጠውም ከመጋገሩ በፊት ነው። ቴምፐርድ መሆኑን ለማወቅ ጥጉ ላይ ማህተም ፈልግ።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ፦ ከእጅህ ያመለጠ መስታወት ልትይዝ አትሞክር። እኔ አንድ ጊዜ ልቀልብ ብዬ መዳፌ ላይ ስድስት ስፌት አለኝ፣ ትንሿ ጣቴ እስካሁን ሙሉ አትታጠፍም። ዝም ብለህ ወደ ኋላ ሽሽ፣ ይሰበር። አሠሪህ ቢቆጣም ይቆጣ።

ላምባውን ሞክረህ ካልተስተካከለ የመቁረጫውን ፎቶ ላክልኝ፣ ምናልባት ደንዞ ይሆናል።