ሸውሸዌ ጨው ይፈልጋል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከጎንደር አዘዞ ነኝ፣ ሐምሌ ላይ አጥር ጥግ ሸውሸዌ ተክዬ ክረምቱን ሙሉ ደህና ነበር፣ አሁን ግን በየቀኑ እያጠጣሁት ጫፍ ጫፉ ቢጫ እየሆነ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ የባህር ዳርቻ ዛፍ ስለሆነ ጨው ጣል አድርጊበት አለችኝ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ ጨዉን ለወጥሽ አቆይው! ሸውሸዌ አገሩ የደቡብ ምስራቅ እስያና የአውስትራሊያ ባህር ዳርቻ ስለሆነ ጨው ይችላል እንጂ ጨው አይፈልግም። እኔ የምጠረጥረው ውሃሽን ነው፣ አፈሩ ዋልካ ከሆነ በየቀኑ ሲጠጣ ውሃው እዛው ይተኛና ሥሩ ይታፈናል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጊ፣ እርጥብ ከሆነ ተይው፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ጠገብ አድርገሽ አጠጪ፣ ውሃ የሚቋጥርበት ጎድጓዳ ካለም ማፋሰሻ አውጪለት።

ሥሩ ላይ እብጠት እብጠት ነገር ካየሽ ደግሞ በሽታ መስሎሽ እንዳትቆርጪ፣ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ እዛ ውስጥ ሆኖ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ ዛፉን ይመግበዋል፣ ስለዚህ ዩሪያ ምናምን ብለሽ ብር አታውጪ። እብጠቱ ከሌለ ካደገ ሸውሸዌ ሥር እፍኝ አፈር አምጥተሽ ጨምሪለት፣ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችም እንደዛ ያደርጋሉ።

በነገራችን ላይ ያ ክር የሚመስለው ቅጠሉ አይደለም፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው፣ ሳብ ስታደርጊው መገጣጠሚያው ላይ ይለያያል፣ ቅጠሉ እዛች መገጣጠሚያ ላይ ያለችው ጥቃቅን ጥርስ ነች። የረገፈው ከሥር ሲነጠፍ ብዙ ነገር ስለማያበቅል ጎመንሽን ራቅ አድርጊ። አጥር ጥግ ያልሽው ግን አልተመቸኝም፣ 20 ሜትር ሊያልፍ የሚችል ዛፍ ነው፣ ግንብ ከተጠጋ ገና ትንሽ እያለ በሚመጣው ሰኔ ከነአፈሩ አንሺው።